ጎማ ሳይተነፍስ

በፖርት ኦጋስታ፣ ከሐዲዱ ማዶ፣
በሜርቭ ጋራዥ ውስጥ፣ ቆርቆሮው በርዶ፣
ካርታው ተዘረጋ በመኪና አፍንጫ፤
ለአንዱ ጫፍ ካንዴላ፣ ለአንዱ ጫፍ መፍቻ፣
ለሦስተኛው ጣሳ፣
አራተኛው የግሌኒስ ክርን ነው፣ እሷ እስክትነሣ።

«በሰኔ ነው» አለ ሜርቭ፣ «አገሩ ሲቀዘቅዝ፣
አሸዋው ሲጠብቅ፣ መንገዱ ሲታዘዝ።
በሙቀት የላላ አሸዋ ማን ይደፍራል?»
«ባለፈው እስከ በሩ ሰጥሞ ማን ነበር የጮኸው?» ዘይን ይስቃል።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ይኸው ነው ሥራዬ፤
እነሱ ይጮኻሉ፣ እኔ እመዘግባለሁ፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ እርሳሱ ከጆሮዬ።

ውሃ፦ ለአንድ ሰው በቀን ስድስት ሊትር።
«ሰባት በይው» አለች ግሌኒስ፣ «ሃሚሽ ጥርሱን ለመቦረሽ ባልዲ ነው የሚጨርስ፣ ይቆጠር።»
ናፍጣ፦ ሰልባቲዮ ሙሉ፣ በጀሪካን ሌላ አርባ።
ባንዲራ፦ ቀይ፣ ረጅም፤ ከአሸዋው ጉብታ ጀርባ
ሳንተያይ የምንወጣ ሰዎች ግንባር ለግንባር እንዳንሳሳም ሲባል።
አካፋ፦ ሦስት። አንዱን ካለፈው ዓመት ወዲህ ያየው የለም፤ ዘይን «አለ» ይላል።
የምድሩ ባለቤቶች ፈቃድ፦ ተጠይቋል። ደብዳቤው አልመጣም፤
እሱ ሳይመጣ አንድም ጎማ አይዞርም።
መኪና፦ አምስት።

እዚህ ላይ እርሳሴ ቆመ።

ፊት ሜርቭ፣ ቀጥላ ግሌኒስ፣ ዘይን፣ ሃሚሽ ከነውሻው፤
አምስተኛው፣ የሁሉም መጨረሻው፣
አቧራችንን እየዋጠ፣ የጣልነውን እየለቀመ፣
የረሳነውን በር እየዘጋ፣ ለተሰበረ እየቆመ፣
ሃያ ሁለት ዓመት ጭራችን የሆነው
ኔቪል ነው።

ጥግ ላይ ተቀምጧል፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ።
ካርታውን በጣቱ ይዳስሳል እንጂ አያይ።
ባለፈው ወር የገበያ ጋሪ ገጨ፤ ከዚያ በፊት የጎረቤት አጥር።
«ፀሐይ ዓይኔ ገባች» አለ። እኛም «ታስቸግራለች» አልን።
ሌሊት ነበር።

ማን ይናገር?
ስለ ዳቦ ተከራከርን፣ ሩብ ሰዓት፤
ስለ ሬዲዮ ሞገድ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ድንኳን ካስማ ብዛት።
ውሻው በቀን ስንቴ እንደሚጠጣ እንኳ ድምፅ ሰጠን፤
ያቺን አንዷን ነገር ግን ሁላችን አላምጠን አልዋጥን፣ አልተፋን።

ሃሚሽ ግን ልጅ ነው፣ አላወቀም ነገሩን፤
«የጎማ ነፋሱስ?» ብሎ ጠየቀ፣ «ስንት ይሁን?»

ከባልዲው ላይ መለሰ ኔቪል። «አሥራ ስድስት። ካስቸገረ አሥራ አራት።
ጎማ በነፋሱ ተነፍቶ የኮራ ዕለት
አሸዋ ይቀብረዋል። መቆፈር ነው እንጂ መሄድ የለም፣ ነዳጁን ብትረግጠው፤
ሰፋ፣ ዝቅ፣ ለስለስ ማለት ነው የሚያወጣው።
ጎማ ሳይተነፍስ አሸዋ አይታለፍም።»
ብሎ፣ ዝም።

ከዚያ እሱም ተነፈሰ።

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ካርታው ላይ ሊያኖር እጁን ሰደደ፤
ጠርዙን ሳተና ሲሚንቶው ላይ እየጮኸ ወረደ።
ማንም አልተነሣም። ውሻው ብቻ ሄዶ አሸተተው።

«አምስት»ን ላጠፋ እርሳሴን ገለበጥኩ፣ በላጲሱ በኩል።
«ተዪው» አለኝ። «መኪናዋ ምን አጠፋች? ሾፌር ነው የሚጎድል።
ሃያ ሁለት ዓመት ከጎኔ ተቀምጠሽ ስትጽፊ፣ ስትበዪ፣ ስታንቀላፊ፣
ዘንድሮ እኔ ላንኮራፋ፤ አንቺ ወደ መሪው እለፊ።
ሁለተኛ ማርሿ ግትር ናት፣ አትለማመጫት፤
ፍሪሲዮኑን ረግጠሽ፣ ስሟን ጠርተሽ፣ ምቻት።»

ግሌኒስ ክርኗን አነሣች፤ ካርታው ተጠቀለለ።
«ዳቦው አሥር ይብቃ» አለች። ማንም እሺ አላለ።

እኔም ደብተሬን ሳብኩና፣ የእርሳሱን ጫፍ በምራቄ አርሼ፣
ወደ ላይኛው መስመር ተመልሼ፣
አካፋን
አራት አደረግሁ።